ከምድጃው በስተግራ ያለው መሳቢያ

ሰው በሰው ይቀናል፤ ያለ ነገር ነው። ዳርሲ ግን የምትቀናው በመሳቢያ ነበር።

መሳቢያው ሚስ ሎርና ማድ ቤት ውስጥ፣ ከምድጃው በስተግራ፣ ከታች ነው። ፊቱ ላይ ታናሽ ወንድሟ ዌስሊ ራሱ የመረጠው የእሳት አደጋ መኪና ሥዕል ተለጥፎበታል። ውስጡ ብስኩት፣ ዘቢብ፣ በትንንሽ ዕቃ የታሸገ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ አንዳንዴም ሙዝ አለ። ሕጉ አንድ ነው፤ ዌስሊ በፈለገው ሰዓት ይከፍታል፣ የፈለገውን ይበላል፣ ማንንም አይጠይቅም፣ ማንንም አያመሰግንም። ሲጎድል ሎርና ትሞላዋለች። ይህን ብልሃት ያገኘችው የካውንቲው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት የሌላ ሰው ልጅ በአደራ ለሚያሳድጉ ሰዎች ማክሰኞ ማክሰኞ ከሚሰጠው ትምህርት ነው። ርቦት የኖረ ልጅ "ምግብ ሞልቷል" ቢሉት አያምንም፣ ስለዚህ አትንገሩት፣ ራሱ ከፍቶ ይየው፤ እንዲህ ነው ያሏቸው።

ከዚያው ጎን ሌላ መሳቢያ አለ። እሱ ላይ "ዳርሲ" ተብሎ ተጽፏል። ዳርሲ እዚህ ቤት ከገባች አሥራ አንድ ሳምንት ሆኗታል፤ መሳቢያዋን አንድ ቀን እንኳ ከፍታ አላየችም። ገበታ ላይ የቀረበላትን ትበላለች፣ ሳህኗን ታጥባለች፣ ከዚያ ውጪ አመሰግናለሁ የሚያስብላትን ነገር አትነካም። ገና አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የሰው እጅ ማየት ግን ሞቷ ነው።

"ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" ይላሉ። ይህን የተረተ ሰው ዳርሲን አላያትም። እናታቸው ክሪስታል ሁለት ሦስት ቀን እየጠፋች በምትከርምበት ዘመን ወንድሟን ያበላችው እሷ ናት፤ ስትጀምር ስምንት ዓመቷ ነበር፣ እሱ አንድ። ከትምህርት ቤት ምሳ ላይ ዳቦ በእጅጌዋ ታስገባለች። ትምህርት ቤቱ ዓርብ ዓርብ ለቸገራቸው ልጆች በቦርሳቸው የሚከትላቸውን የቅዳሜና እሁድ ስንቅ አፏ ሳታደርስ ይዛ ትመጣለች። ሁሉም ከፍራሿ ሥር ይገባል። ፍራሿ ጎተራዋ ነበር። ጠዋት ዌስሊ እየዳኸ አልጋዋ ላይ ይወጣና ጆሮዋ ሥር ገብቶ "ዳርስ፣ ምን አለ?" ይላል። እሷም እጇን ከፍራሹ ሥር ሰደድ አድርጋ፣ ጥቂት እንደመፈለግ ብላ፣ አንድ ነገር ታወጣለታለች። በዓለም ላይ ከዚያች ደቂቃ የሚበልጥ ነገር መኖሩን አታውቅም ነበር።

አንድ ቀን አስተማሪዋ እጅጌዋን አየች። አስተማሪ እንዲህ ያለውን አይቶ ዝም ማለት አይችልም፤ ሕግ ነው። በሳምንቱ ክሪስታል ሌላ ከተማ ወደሚገኝ የሱስ ሕክምና ተወሰደች። ልጆቹም ልብሳቸውን በጥቁር የቆሻሻ ላስቲክ ይዘው እዚህ ኪዮከክ ከተማ፣ ሎርና ቤት ደረሱ።

ሎርና ስድሳ የሞላት፣ ባሏ የሞተባት፣ ጠዋትና ከሰዓት የተማሪዎች አውቶቡስ የምትነዳ ሴት ናት። ዳርሲ እሷን የምትጠላበት ምክንያት ለማግኘት ብዙ ደክማለች። ሴትዮዋ አትማታም፣ አትሳደብም፣ ግፋ ቢል ስትተኛ ታንኮራፋለች። በማንኮራፋት ደግሞ ሰው አይጠላም።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሁሉ ደኅና ነበር። ዌስሊ መሳቢያውን ይከፍታል፣ ያያል፣ ይዘጋል፤ ከዚያ ጠዋት ጠዋት እንደ ወትሮው ወደ ዳርሲ አልጋ ይመጣል። ዳርሲም ከምሳዋ ማስቀረቷን አልተወችም። መሳቢያውን "የቤቱ ጌጥ ነው" ብላ ንቃው ነበር። በስድስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ግን ዌስሊ ሳይመጣ ቀረ። ወርዳ ስታይ ማድ ቤቱ ወለል ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል፣ ጉንጩ በኦቾሎኒ ቅቤ ተለውሷል።

"ዛሬ አልመጣህም" አለችው።

"ራበኝ። ከመሳቢያዬ በላሁ።"

"እኔ ጋ ቺዝ አለ እኮ። ላንተ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት።"

"ያንቺ ይሸታል፣ ዳርስ።"

እውነቱን ነው፤ ቺዙ አራት ቀን ሆኖት ነበር። እውነት መሆኑ ግን ነገሩን አባሰባት። ወደ ላይ ወጥታ ቺዙን መጸዳጃ ቤት ጥላ ውኃ ለቀቀችበት።

ከዚያ በኋላ ቅናት እንደ ብል በላት። ዌስሊ ሲስቅ ከማን ጋር እንደሚስቅ ታያለች። ሎርና ጫማውን ስታስርለት ታያለች። ጥር ውስጥ ከከተማው ዳር ያለው ወንዝ በረዶ ሲሆን ግድቡ ሥር ንስሮች ይሰበሰባሉ፤ ውኃው እዚያ ስለማይረጋ ዓሣ ያገኛሉ። አንድ ቅዳሜ ሎርና ልታሳያቸው ወሰደቻቸው። ዌስሊ በበረዶው ላይ ሲሮጥ አንሸራትቶት በጉልበቱ ወደቀ። ዳርሲ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ነበረች፣ ክንዷን ከፍታ ጎንበስ ብላለች። ልጁ ተነሣ፣ በአጠገቧ አልፎ ሮጠ፣ ሎርና ኮት ውስጥ ፊቱን ቀብሮ አለቀሰ። ዳርሲ የተዘረጋ ክንዷን ምን ታድርገው? ፀጉሯን የምታስተካክል መሰለች።

እሁድ እሁድ ደግሞ የሚብስ ነገር ነበር። ሎርና ከገበያ ስትመለስ ዌስሊ አብሯት ይገባል። የተገዛውን ይዘው መሳቢያዎቹ ፊት ይቀመጡና ይንሾካሾካሉ። እሱ ጆሮዋ ሥር ገብቶ አንድ ነገር ይላታል፣ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ሁለቱም ይስቃሉ። ያ ጆሮ ሥር መግባት የዳርሲ ነበር።

"ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት?" አለቻቸው አንድ እሁድ፣ በሩ ላይ ቆማ።

"አይነገርም" አለ ዌስሊ።

"ምስጢር አይደለም" አለች ሎርና። "በራስሽ ጊዜ ታዪዋለሽ።"

"ማየት የምፈልገው ነገር የለም። እርስዎ ቤት ውስጥ ምንም የምፈልገው ነገር የለም።"

"እሺ" አለች ሎርና፤ የገዛችውን መደርደሯን ቀጠለች። ምነው በተቆጣች፣ አለች ዳርሲ በልቧ።

አንድ ረቡዕ ጃኒን መጣች። ጃኒን ከጽሕፈት ቤቱ የልጆቹን ጉዳይ የያዘችው ሠራተኛ ናት፤ መኪናዋ ውስጥ ሁልጊዜ የሌላ ሰው ልጅ ወንበር አለ። ዳርሲ ደረጃው አናት ላይ ተቀምጣ ከሳሎን የሚወጣውን አንድም ቃል ሳታሳልፍ ሰማች።

"ክብደቱ አራት ፓውንድ ጨምሯል" አለች ጃኒን። "ሐኪሙ ማመን ነው ያቃተው። እንቅልፉስ?"

"ይተኛል። አንዳንዴ ይባንናል፣ ግን ይተኛል።"

"እሷስ?"

"እሷ መቼ አረፈች። ከፍራሿ ሥር አሁንም ዳቦ አለ። አይቼ እንዳላየሁ ነው የማልፈው።"

ጃኒን ተነፈሰች። "አለቃዬ ያለውን ልንገርሽ፣ ሎርና። ልጅቷ እንደ እናት ሆና ይዛዋለች፣ አብረው እስካሉ ሁለቱም ልጅ አይሆኑም፣ ይለያዩ ይላል። ፎርት ማዲሰን ከተማ ውስጥ አንድ ትንሽ ልጅ የሚቀበል ቤት ተገኝቷል።"

"ሞኝነት ነው። አራት ዓመት ያሳደገችው ልጅ በአንድ ቀን ከእጇ ይነጠቃል?"

"እኔም ይህንኑ ብያለሁ። ልጁ እንዲህ እየተሻለው ከቀጠለ አብረው ይቆያሉ። ወደኋላ ከተመለሰ ግን፣ ምግብ መደበቅ ከጀመረ፣ እንቅልፍ ካጣ፣ አለቃዬን ላስቆመው አልችልም። በሚመጣው ረቡዕ አሥር ሰዓት ላይ እመጣለሁ። የማየውን ነው የምጽፈው።"

ጆሮ የሚፈልገውን ነው የሚሰማው። ዳርሲ የጃኒንን ንግግር ሁሉ ሰምታ ይዛ የሄደችው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ "ፎርት ማዲሰን"፣ እና "ተሻለው"። ተሻለው ማለት እኔ አላስፈልገውም ማለት ነው፣ የማያስፈልገውን ሰው ደግሞ ማን አብሮት ያስቀምጣል፣ አለች በልቧ። ስለዚህ ጃኒን በመጣች ሰዓት ዌስሊ የት መገኘት አለበት? ዳርሲ አልጋ ላይ፣ ክንዷ ሥር፣ ከእጇ እየበላ። ያኔ ጃኒን ይህን ልጅ ከእህቱ መለየት አይቻልም ብላ ትጽፋለች። ሳምንቱን ሙሉ አገላብጣ አሰበችበት፤ ቀዳዳ አላገኘችበትም። ቅናት ሲያስብ እንዲህ ነው፣ ሁሉም ነገር ልክ ይመጣለታል።

ረቡዕ ትምህርት ቤት ቀደም ብሎ ይለቀቃል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም ቤት ነበሩ። ሎርና የልብስ ቅርጫቱን ይዛ ወደ ምድር ቤት ወረደች፤ ዌስሊ ክፍሉ ውስጥ መኪናዎቹን ያሰልፋል። ዳርሲ የትራስ ልብሷን ይዛ ማድ ቤት ገባች። የእሳት አደጋ መኪናው የተለጠፈበትን መሳቢያ ከፈተች፣ ብስኩቱን፣ ዘቢቡን፣ የኦቾሎኒ ቅቤውን፣ ጥጉ ውስጥ የቀረችውን አንድ ሙዝ ሳይቀር ጠርጋ ወሰደች። ያን ሁሉ ከፍራሿ ሥር አስገብታ ስትቀመጥበት፣ እውነቱን ለመናገር፣ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ጎተራው ተመለሰ።

ከዚያ ጠበቀች። የልጁን እግር ኮቴ ደረጃው ላይ ወደ ታች ሲወርድ ሰማች። የመሳቢያውን መከፈት ሰማች። መሳቢያው ተዘጋ። ሌላ ነገር ተከፈተ፣ ተዘጋ። አሁን ይመጣል አለች። ኮቴው ደረጃውን ወጣ፣ በሯን አልፎ ወደ ክፍሉ ገባ። ዳርሲ ገረማት። ልጠራው ይሆን ብላ አስባ ተወችው፤ ራሱ እንዲመጣ ነበር የፈለገችው።

መጣ። በሯ ላይ ቆመ። የበረዶ ጫማውን ተጫምቷል፣ ግራውን በቀኝ፣ ቀኙን በግራ። ኮቱን ለብሷል። ሎርና ሻንጣ ገዝታለት ሳለ ያን ጥቁር ላስቲክ ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ በሁለት እጁ አቅፎታል፤ መኪናዎቹ ውስጡ ይንኳኳሉ።

"ዳርስ፣ የኔ መሳቢያ ባዶ ነው።"

"አውቃለሁ። ና፣ እኔ ጋ አለ። ና ውጣ አልጋዬ ላይ።"

ንቅንቅ አላለም።

"ያንቺንም አየሁት። አልነካሁም፣ ማየት ብቻ ነው ያየሁት። ያንቺ ሙሉ ነው።"

"እና ምን ይሁን?"

"እና እኔ ብቻ ነኝ የምሄደው።"

"ማን ነው ሂድ ያለህ?"

"ማንም። ምግብ ካለቀ እኮ ይወስዱናል። ያንቺ ግን አላለቀም።" አላለቀሰም። አንድ እጁን ከላስቲኩ አላቆ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተና ግማሽ ብስኩት አወጣ። "እንቺ። ትናንት ነው ያስቀመጥኩት፣ አይሸትም። እኔ ከሄድኩ በኋላ ሲርብሽ ብዪው።"

ከውጭ የመኪና ጎማ በረዶውን ሲፈጭ ተሰማ። ዌስሊ በመስኮቱ አየ። "መጣች" አለ፣ የተነገረው ነገር እንደደረሰ ሰው።

ዳርሲ ካሰበችው ውስጥ ያልሆነ የለም ማለት ይቻላል። ልጁ መጥቷል፣ ርቦታል፣ ጃኒን በር ላይ ናት። አሁን ክንዱን ይዛ ወደ አልጋው ብትስበው ይመጣል። ያኔ ጃኒን የምታየው ኮቱን የለበሰ፣ ላስቲኩን ያቀፈ፣ ኪሱ ውስጥ ብስኩት የደበቀ ልጅ ነው። ጃኒን "ምግብ መደበቅ ከጀመረ" ያለችው አሁን ገና ጆሮዋ ውስጥ ገባ። ወንድሟን ፎርት ማዲሰን ልትልከው የነበረችው እሷ ራሷ ናት፣ ሌላ ማንም አይደለም።

ፍራሹን በአንድ እጇ አንሥታ የትራስ ልብሱን መዝዛ ደረጃውን በሩጫ ወረደች።

ሎርና ከምድር ቤት ቅርጫቷን ይዛ ስትወጣ፣ ጃኒን ጫማዋን ምንጣፉ ላይ እያራገፈች ስትገባ፣ ዳርሲ ማድ ቤት ወለል ላይ ተንበርክካ የትራስ ልብሱን መሳቢያው ውስጥ እየገለበጠች ነበር። ዘቢቡ ተበትኗል። ሙዙ ተጨፍልቋል።

"እኔ ነኝ" አለች ሳትዞር። "እሱ ምንም አልደበቀም። ኪሱ ውስጥ ያለው ብስኩት ቢገኝ እሱም በኔ ጦስ ነው። መሳቢያውን ባዶ ያደረግኩት እኔ ነኝ። የሚሄድ ሰው ካስፈለገ እኔን ጻፉኝ።"

ጃኒን አንድ ነገር ልትል ስትል ሎርና በእጇ ከለከለቻት። ቅርጫቷን አስቀመጠች። ጉልበቷ ሲጮህ እየተሰማ ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

"ለምን አደረግሽው?"

"ወደኔ መምጣት ስላቆመ።"

"ቀንተሽ ነው።"

"አዎ።"

"በኔ?"

"በእርስዎም። ግን ይበልጥ በመሳቢያው።"

ሎርና ሳቅ መጥቶባት ዋጠችው። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። "እኔ ደግሞ በማን ስቀና እንደከረምኩ ልንገርሽ? ይህ ልጅ ሲባንን ሄጄ የማቅፈው እኔ ነኝ። ወተት የማሞቅለት እኔ ነኝ። ዓይኑን ሳይገልጥ ክንዴ ላይ ሆኖ የሚጠራው ግን 'ዳርስ' ነው። አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ አንድ ቀን 'ሎርና' አላለም። አንዳንድ ቀን ያንገበግበኛል።"

ዳርሲ ይህን አታውቅም ነበር። ደስ ልትሰኝ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

ዌስሊ ኮቱን እንደለበሰ በሩ ላይ ቆሟል። የተመለሰውን መሳቢያ አየ፣ አልቀረበም። "ዳርስ፣ ያንቺን ክፈቺው" አለ።

ዳርሲ የራሷን መሳቢያ ሳበች። በኮምጣጤ የተቀመመ የድንች ቺፕስ፣ አፍ የሚያቃጥል ቀይ ከረሜላ፣ ጨው የበዛበት የሱፍ ፍሬ፣ አንድ ትልቅ ብርቱካን። እነዚህን እንደምትወድ ለሎርና ነግራ አታውቅም። ለማንም ነግራ አታውቅም። የሚያውቅ ሰው አንድ ነው፣ እሱም አምስት ዓመቱ ነው።

"እሁድ እሁድ እኔ ነኝ የምመርጥልሽ" አለ ዌስሊ። "ግን አትበዪም። ሚስ ሎርና ብርቱካኑ እንዳይበላሽ ትቀይረዋለች። አንቺ አንድ ቀን አልበላሽም።"

እና ያ ሁሉ ሹክሹክታ ስለሷ ነበር። ዳርሲ ቺፕሱን ቀደደች። አንድ አፏ ውስጥ ከተተች፣ ኮምጣጤው ዓይኗን አስነባው፣ ወይም ሌላ ነገር አስነባው። ዌስሊ እስክትውጥ ድረስ ጉሮሮዋን ትኩር ብሎ አየ።

ጃኒን ደብተሯን ከፍታ ቆማለች። "ያየሁትን መጻፍ አለብኝ" አለች፣ ይቅርታ በሚጠይቅ ድምፅ።

"ጻፊያ" አለች ሎርና። "በራሷ እጅ መልሳ እንደሞላችውም ጻፊ። ራሷን አሳልፋ እንደሰጠችም ጻፊ። አለቃሽ ማንበብ የሚችል ከሆነ ይገባዋል።"

አለቃው ማንበብ ሳይችል አልቀረም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ልጆቹ እስከ ሰኔ አብረው ይቆዩ የሚል ደብዳቤ መጣ። ዳርሲ ሁለቴ አንብባ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው። ዌስሊ ግን ገና ማንበብ አይችልም። መሳቢያው ባዶ በሆነበት በዚያ ረቡዕ ማታ ኮቱን አወለቀ፣ ላስቲኩንም ለሎርና ሰጣት፤ የበረዶ ጫማውን ግን አላወልቅም አለ። እንደተጫማ እራቱን በላ፣ እንደተጫማ ተኛ። ጠዋት ጠዋት ዳርሲ አልጋዋ ላይ ሆና ትሰማዋለች፤ ጫማው ወለሉ ላይ ይንኳኳል፣ አንድ መሳቢያ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ከዚያ ሁለተኛው ይከፈታል። ሁለቱም ሙሉ መሆናቸውን ሳያይ አይበላም። ከፍራሿ ሥር አሁን ምንም የለም፤ ሰምታ ትጨርስና ወርዳ አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የሱፍ ፍሬ ትበላለች፣ እንዲያያት ብላ።

ጫማውን እስኪያወልቅ አሥራ ሰባት ቀን ፈጀ። ዳርሲ ቆጥራዋለች። ያን ቀን እግሩን የዘረጋው ለሎርና ነበር፤ አንዱን ሳበችለት፣ ሌላውን ሳበችለት፣ ጣቶቹን እየጨመቀች አሳቀችው። ዳርሲ በሩ ላይ ቆማ አየች፤ ቀናች። ከዚያ ሄዳ ጫማዎቹን አነሣቻቸው፣ ግራውን በግራ፣ ቀኙን በቀኝ አድርጋ በሩ ሥር አስቀመጠቻቸው።